ብርኩማ

ጥር ነው፤ ሚሽኮልች ላይ በረዶ ይወርዳል፣
ትራሙ መታጠፊያው ጋ ጥርሱን ያፋጫል።
ፒሮሽካ ኩሽናዋ ውስጥ፣ የእራቱን ሳህን አንሥታ፣
ቤዝ ጊታሯን በፎጣ ላይ በጀርባው አስተኝታ፣
ካቻቪቴውን በጥርሷ፣
ክሮቹን ታላላለች፣ የትናንቱን ቅኝት ረስታ።
ጠረጴዛው ይነቃነቃል።
አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ሊሠራ ታስቧል።

ድልድይ ይሉታል ሌሎች። እኔ ግን አልለውም፤
ድልድይ መሻገሪያ ነው፣ በዚህ ላይ ማንም አያልፍም።
ብርኩማ ነው ይሄ፦ ክር ሌሊቱን ተወጥሮ
ራሱን የሚያሳርፍበት፣ አንገቱን አዙሮ።

አብሮት የተወለደው የታጠፈ ላሜራ ነው፣
የሰርዲን ክዳን የሚያክል፣ ላብና ዝገት የበላው።
አራት ኮርቻ ተሸክሟል፤ አንደኛው ያዘመመ፣
በየሠርጉ፣ ሦስተኛው ዘፈን ላይ፣ ሲንሸራተት የከረመ።

እሷ ክብደት ታውቃለች።
ሃያ ሁለት ዓመት ክሬን ላይ፣ ከማቅለጫው ጣሪያ ሥር፣
የሚፈላ ብረት በባልዲ ስታመላልስ በአየር፣
ከታች በእጅ ምልክት፦ ቀስ፣ አውርጂ፣ ቁሚ!
ኋላ ፋብሪካው ተዘጋ፤ ሰንሰለቱ ተሸጠ በኪሎ።
ቾንጎር የቶርኖው ሰው፣ በመጨረሻው ቀን፣
ከካፖርቱ ሥር ወጣ የናስ ጉማጅ አዝሎ።

ያን ናስ ነው ዘንድሮ ጋራዡ ውስጥ ፈልፍሎ፣
ጠርዙን ሞርዶ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣
"እንኪ" ያላት። "ጊታርሽ ይከብዳል፤
ድምፁ ግን እግር ያወጣል፣ ይቆማል።"

አምስት ብሎን። አራቱ እሺ ብለው ወጡ።
አምስተኛው ጥርሱ አልቋል፤ ባለበት ይዞራል፣
እንደ ቀበሌ ጸሐፊ ነገ ነገ ይላል።
በቢላ ጫፍ ፈነቀለችው፤ ቀዳዳውን
በክብሪት እንጨትና በኮላ ጠቀጠቀችው።
ከዚያ ላሜራውን ብድግ ስታደርግ፣
ሰማያዊ።

ሠላሳ ዓመት "አረንጓዴው" እያለች የጠራችው፣
ከአንድ ከበሮ መቺ በሁለት ደሞዝ የገዛችው፣
ሰማያዊ ኖሯል ለካ! የቫርኒሹ እርጅና ነው፣
የአዳራሹ ጢስ፣ የሰው ሠርግ ሲጋራ ነው
መልኩን የለወጠው።
መዳፍ በምታክል አራት ማዕዘን
ተከድኖ ተቀምጧል የመጀመሪያው ቀን።
ሻይዋ ቀዘቀዘ። እሷ አላወቀችም።

ናሱን አሰረች፣ ክሩን ወጠረች፣ ማጉያውን ከፈተች፤
ኩሽናው እንደ ተነካ የንብ ቀፎ ጮኸ።
ያቺን ቀጭን ሽቦ፣ ከብርኩማው ሥር የምትተኛዋን፣
ጩኸቱን ሁሉ ወደ መሬት የምትቀብረዋን፣
ውጭ ትታታለች።
"የእኔ ነገር!" አለች። ሁሉንም ደግማ ፈታች።
ፀጉር የምታክል ሽቦ። ናሱ ሲረግጣት፣
ጣት ክሩን ሲነካ፣
ጸጥታ።

ከዚያ ኮርቻዎቹን ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ግማሽ ዙር፣ ሩብ ዙር፣
አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ እስኪታረቅ ከክሩ ጋር፤
ነጋ።

ቅዳሜ ቾንጎር መጣ። ጆሮውን መዶሻው ወስዶታል፤
ከንፈር እያየ ያወራል፣ ሲስቅ ብቻ ይዘገያል።
"ተለወጠ?"
"እኔ እንጃ። ትከሻዬ ነው የተለወጠ።"
ሳቀ፣ ዘግይቶ።
ክርኑን ቢደገፍ ጠረጴዛው አልተነቃነቀም።
ጎንበስ ብሎ አየ፦ አሮጌው ላሜራ ከአጭሩ እግር ሥር ገብቷል።
ብርኩማ ሥራ አይፈታም።

መዳፉን እንጨቱ ላይ ዘረጋ።
የጊታሩን ጎን ከጠረጴዛው ጠርዝ አስጠግታ
ወፍራሙን ክር መታች፣ አንዴ ብቻ፣ እጇን ሰብስባ።
የስኳሩ ማንኪያ ተንቀጠቀጠ።
እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ፣ ጠበቀ፤
ክሩ ዝም ካለም በኋላ እጁን አላነሣም።
"ሰማሁ" አላለም።
"ደረሰኝ" አለ።

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞሮ ጊታሩን አየ፤
በናሱ ግራ በኩል፣ የጥፍር ጫፍ የምታህል፣
ሰማያዊ ጠርዝ አፈትልካለች።
"አጥብቤዋለሁ፤ ተሳስቻለሁ። ሌላ ልሥራልሽ?"
በከንፈሯ ብቻ፣ ያለ ድምፅ፣
"ተዋት" አለችው።