የኮፈኖው ሙቀት

ከሀርቡ ሽንኩርት፣ ከሀርቡ ቲማቲም፣
ሐረጎን በቀን ሦስቴ መውጣት ቀልድ አይደለም።
አሮጌዋ ቤንዚን፣ ዕድሜዋ ከልጄ የሚበልጥ፣
ከሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ትጀምራለች ማማጥ፤
በአንደኛ ማርሽ፣ መሪውን እንደ ሕፃን ታቅፌ፣
እገፋታለሁ እኔም፣ በትከሻ፣ በልቤ፣ በአፌ።
ነዳጁንስ ትጠጣለች እንደ ግንቦት መሬት፤
ደሴ ስደርስ ትርፌ ሳንቲም ናት፣ አትሆንም ለራት።

ዕቁቡ ደረሰኝ። የአባቴን ባሕር ዛፍ ሸጥኩ።
ዘሀራ የባንክ ደብተሩን በሻሽ ቋጥራ፦
«ብረት ነው የምትገዛው» አለች፣ «ብረት ደግሞ ይበላል፤
ላም እንኳ ስትሞት፣ ቆዳዋ ይሸጣል።»

አበጋዝ ደላላው ኮምቦልቻ ላይ ነጭ ፒክአፕ አሳየኝ፤
ናፍጣ፣ ቱርቦ ያላት፣ «የዶክተር ነበረች» አለኝ።
(እዚህ አገር የሚሸጥ መኪና ሁሉ የዶክተር ነው፤
ያንን ሁሉ ኮረኮንች የነዳው ታዲያ ማን ነው?)
«ይማም ሙት! አንድ ቶን ጫንባት፣ አታቃስትም፤
ሐረጎን ትሮጠዋለች፣ ማርሽም አትቀንስም።»

ናፍጣ።
ሌሊቱን በዚህች ቃል ስገላበጥ አደርኩ።
ጉልበት አለው፣ ዕድሜ አለው፤
ኖዝሉ የታመመ ቀን ግን ዋጋው የአንድ በሬ ነው።
ሰልፉም አለ፦ ከማደያው ተነሥቶ ቦርከናን የሚሻገር፣
ጀሪካን ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ማደር።
ለገበያ ደርሶ መልስ ናፍጣ አይገዛም ይላሉ፤
የኔ መንገድ ግን ከንጋት እስከ ማታ ነው፣ በየዕለቱ።

ይመር መካኒኩን ጠየቅሁት፣ እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር።
ቁልፉን በጨርቅ ጠረገ፣ ብዙ ቆይቶ ጀመረ መናገር፦
«የኮምቦልቻ ፀሐይ ውሸታም ናት፣ የሞተውንም ታስነሣለች፤
ናፍጣ እውነቷን የምትናገር ሲነጋ ነው፣ ሲበርዳት።
ጎህ ሳይቀድ ሂድ። እጅህን ኮፈኖው ላይ አኑር።
ከቀዘቀዘ አስነሣት፤ ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ሽሽ፣
ጥቁር ከሆነ ተከራከር።»

ሄድኩ። የኔዋ ደሴ በብርድ አድራ
በአራተኛው ቁልፍ ተነሣች፤
ሳሏንም፣ መንቀጥቀጧንም፣ ምኗንም አልደበቀች።
ኮምቦልቻ ስደርስ ሰማዩ ገና አመድ ነው፤
አበጋዝ ቀድሞኝ ቆሟል፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣
«ምነው በጠዋቱ!» አለኝ፣ ሳቁን አስቀድሞ።

ጤዛ በጣሪያዋ፣
ጤዛ በመስታወቷ፣
በበሮቿ፣ በጎኗ ሁሉ።
ኮፈኖዋ ብቻ ደረቅ።
እጄን እንደ ታመመ ልጅ ግንባር አሳረፍኩባት፤
ትሞቃለች።

አየኝ። አየሁት።
ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ።
«ሸጋ መኪና ናት» አልኩት፤ እውነቴን ነው፣
ሸጋ ናት።

«ገዛህ?» አለች ዘሀራ።
«አንድ ሌሊት ትደርልኝ ብዬዋለሁ፣ እኛ ጋ፣ ጦሳ ሥር፣
ቁልፏ ከራስጌዬ፣ እሷ ከውጭ ከውርጩ ጋር።»
«እምቢ ቢልስ?»
«መልሱ ያው እሱ ነው።»
ሻሹን አልፈታችውም፤
ቋጠሮውን በጥርሷ ይዛ አጠበቀችው።

በማግስቱ ሽንኩርቴን ጭኜ፣ ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ፣
ስናምጥ፣ እኔና አሮጌዋ፣
አንዲት ነጭ ፒክአፕ በዚያ ወፍራም ድምጿ አልፋን ወጣች።
የማን እንደሆነች አላወቅሁም።
እስክትሰወር አየኋት።