የመሸከም አቅም

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ድልድዩን ስለካ፣
ከሥሩ ሰው አለ፣ አላየሁም ለካ።
ማዱራይ፣ ቫይጋይ ወንዝ ዳር፣ ከሦስተኛው ምሰሶ ጥላ ሥር
ኩዪሊ በከሰል ካውያ ሸሚዝ ትተኩሳለች፤
ከላይ መኪና ሲያልፍ አቧራ ይወርድባታል፣
አራግፋ፣ እንደገና ትጀምራለች።

ሥራዬን ለቀቅኩ። ሞተሬን ሸጬ
ያገለገለ ካሜራ ገዛሁ፣ ቀለሙ የተላጠ።
አባቴ፣ ጡረተኛው የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ፣
«ድንጋይ ይቀረጻል፤ ጥላ ምኑ ይቀረጻል?» አለ።
ቀረጽኩት።

ፊልሙ የታየ ማታ አሥራ አራት ሰው መጣ፤ ሁለቱ አንቀላፉ።
ስመረቅም፣ ስሾምም ምንም ያላለኝ አባቴ
ወደ ቤት ስንመለስ፣ እዚያው ድልድይ ላይ ቆም ብሎ
ቁልቁል እያየ፣
«ያቺ ሴትዮ» አለኝ፣
«ወንዙ ሲሞላ የት ትሄዳለች?»