ዶክተር አልጋ

ስሟ ሄልጋ ነበር። ምላስ አልታዘዘው፤
የሞጣ ገበያ «አልጋ» ብሎ ያዘው።
ጮቄን በጉም አልፋ፣ በነሐሴ ጭቃ፣
በሦስት በቅሎ ጭነት ሳጥኗን አጥብቃ
መጣች። እኔ ልጅ ነኝ፣ ጢሜ ያልበቀለ፤
ማሾ የሚይዝላት ሌላ ወዴት አለ?

«ሴት?» አለ አገሩ፤ «ሴት ቢላ ጨብጣ?
ዶሮ ለመባረክ፣ ቤት ውስጥ ወንድ ሲታጣ፣
መንገደኛ ለምነን የምናሳርድ ሰዎች፣
ሆዳችን ይቀደድ በፈረንጅ ሴት እጆች?»

ቀኛዝማች ልንገረው፣ ሆዱ እንደ ከበሮ
ሦስት ቀን ተነፍቶ፣ አንጀቱ ተዟዙሮ፣
«ወንዱን ጥሩት» አለ በቃሬዛ ሆኖ።
ወንድ የለም አሉት። ተኛ ፊቱን ሸፍኖ።

ሌሊት ነው። ማሾዬ እንደ እባብ ያፏጫል።
የእኔ ጉልበት ይርዳል፣ የእሷ እጅ ይሮጣል፤
ውሉ እንደጠፋበት ልቃቂት ዘርግታ
አንጀቱን በጣቷ ቀስ አድርጋ ፈትታ።
ከእኛ ቋንቋ ገና ሦስት ቃል ነው ያላት፦
«ብርሃን»፣ «ውሃ»፣ «አይዞህ»። ሌላም አላስፈለጋት።

በአሥራ ሁለት ቀኑ በእግሩ ገባ ቤቱ።
ሰንጋ ላከላት፣ አራጁም ከፊቱ፤
ሴት አታርድማ!
ነገሩን ሳስረዳት እንባ እስኪወጣት ሳቀች፣
ከዚያ ዝም አለች።

«በእኔም አገር» አለች፣ አማርኛው ሲገራ፣
«ቢላው ለወንዶቹ፣ ለእኔ የፋሻ ተራ።
ለጽድቅ እንዳይመስልህ ዓባይን መሻገሬ፤
ቢላ የሚሰጠኝ አጥቼ ነው ባገሬ።»

አልጋ ያዘ ይባላል፣ ሕመም ለጣለው ሰው፤
አልጋ ወራሽም አለ፣ ቀን ለሚያነግሠው።
እሷ የነበራትን አንዲት የሽቦ አልጋ
ለአራስ ሰጥታ፣ መደብ ላይ ነው ሌቷ የሚነጋ።

አንጓችን ግን አልቻለች።
ከዓባይ በረሃ፣ አራት ቀን አምጣ፣
በሰው ትከሻ መጣች።
ሆዷ እንደተከፈተ፣
መሐል ላይ፣ ማሾዬ ላምባ ጨርሶ ጠፋ።
ጠርሙሱን በዳበሳ አገኘሁት።
ክብሪቱ እርጥብ ነበር።
አንዱ እምቢ አለ፣ ሁለተኛው እምቢ አለ፣
ሦስተኛው ሲበራ
የአንጓች ዓይን ጣራውን ያያል።

በእኔ ይሁን፣ በአራቱ ቀን፣ በእግዜር፣
ማን ይነግረኛል?
ዶክተር አልጋ አንድም ቀን አላነሳችብኝም።
እጇን ሳትታጠብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ
ዶሮ ሲጮህ ሰማች።
ከዚያ ተነስታ፣ ክብሪቱን ከእኔ ወስዳ
በራሷ ኪስ፣ በደረቁ፣ ከተተችው።
እስከሄደችበት ቀን ከዚያ አልወጣም።

በአብዮቱ ዓመት ሄደች። ደብዳቤ አልመጣም።
እዚያ ቢላ ሰጥተዋት ይሆን፣ ወይስ ፋሻ፣
አላውቅም።

ዛሬ ሆስፒታል አለ። መብራትም አለ፣ ሲኖር።
የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል፦
ራት ላይ ይሁን፣ ወሬ መሐል፣
ድንገት ድርግም ሲል
ቀኝ ክንዴ ሳላዘው
ወደ ላይ ይነሣል።
«አያ ቢያድግልኝ፣ ምን ያዝክ?» ይሉኛል በጨለማ።
ምንም አልያዝኩም።
ግን አላወርደውም፣
እስኪበራ።