ቱሉ አዲ ሰንጋ ተራ ላይ

ባለፈው መስከረም፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ወጥቼ ነበረ ቱሉ አዲ ተራራ፤
ከሙገር ገደል አፍ፣ ከወንዙ በላይ፣
አረንጓዴ ለብሶ ነጭ አጥንቱ ሲታይ።

ሰባት ሆነን ነበር። ስድስቱ ባዲስ ጫማ፣
ሰባተኛው በኮንጎ፣ መሪያችን ጉተማ።
ድንጋዩ ይናከሳል። ዝናብ ሞርዶት ሞርዶት
መጋዝ አስመስሎታል፤ እጅ አይጨብጥም ደፍሮት።
በስንጥቁ መሀል እሬት በቅሎበታል፣
ጆሮውን ላስጠጋ ከሥር ውሃ ይሰማል።
ጎረቤት ጫፍ ደግሞ፣ ጭጋግ ተጠምጥሞ፣
ሊያስታርቅ እንደመጣ ሰው ተቀምጧል ቀድሞ።

ጉተማ ጎንበስ አለ፣ አንድ ጠጠር አነሳ፤
ቀንድ አውጣ ታትሞበታል፣
ዙሩ ገና ያልጠፋ፣ ባለቤቱ የተረሳ።
«ባሕር ነበር ይላሉ፣ እዚህ፣ ድሮ ድሮ፤
ማን አይቶ ነው?» ብሎ ሳቀ፤ ሄደ ዞሮ።
ጠጠሩን ኪሴ ከተትኩ።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ፎቶ ተነሳሳን፣
ዳቦ በሙዝ በላን፣
ለምን እንደወጣን እዚያው ላይ ረሳን።
ወደ ምሥራቅ በኩል፣ ከልምላሜው መሀል፣
ግማሹ ተገምሶ አንድ ጋራ ይታያል፤
ነጭ አቧራ ከጎኑ እንደ ጢስ ሲወጣ
«ፋብሪካው ነው» አለ ጉተማ፣ ሳይቆጣ።

*

ሐምሌ ነው። ሰንጋ ተራ። ሕንፃው ሥር ቆሜያለሁ።
መዝገብ ያዥ ነኝ እኔ፤ ስም እጠራለሁ፤
ማን በጧት እንደገባ፣ ማን ሳይመጣ ቀረ፣
ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ከመኪና ተቆጠረ።

አንዱ ከረጢት ተቀዶ አቧራው ቦነነ፣
ባፍንጫዬ ገብቶ ምላሴ ላይ ሆነ፤
ጣዕሙን አወቅኩት። የመስከረሙ ድንጋይ!
የዳቦዬን ፍርፋሪ ያራገፍኩበት ጋራ ላይ።
እኔ በሚኒባስ፣ እሱ በአይሱዙ፣
ለካ አንድ ነበረ መንገዱም መዘዙ።

ስሟ ድንቂቱ ነው። ባሬላ ትይዛለች።
በባሕር ዛፍ መወጣጫ ስምንት ፎቅ ትወጣለች፣
በቀን ሠላሳ ጊዜ።
አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ሥራ ፈትቼ፣
ደመርኩት ከፍታውን ፎቅ በፎቅ አብዝቼ፦
ሰባት መቶ ሃያ ሜትር።
እኛ ቱሉ አዲ ላይ ያን ያህል አልወጣንም፤
ምርኩዝ ይዘን እንኳን ወገባችንን አልቻልንም።
«ምርመራ» በሚለው ዓምድ፣ ከስሟ ትይዩ፣
ቁጥሩን ጻፍኩትና አለቆቼም አዩ።
በቀይ እስክሪቢቶ ሰረዙት።
ክፍያው በቀን ነው፣ በሜትር አይደለም።

ከየት ነሽ ስላት፣ ውሃ እየጠጣች፣
«ከሙገር» አለችና ወደ ላይ አየች፤
«ጋራችን ቀድሞ ሄደ፣ እኔም ተከተልኩት፤
እዚህ ወድቆ ባገኘው፣ በእጄ አቆምኩት።»

በዚያው ቀን ሲመሽ እኔም ወጣሁ።
ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ አጣሁ፣
አምስተኛው ላይ ተቀመጥኩ፣
ስምንተኛው ላይ ግን ቀና ስል ደነገጥኩ፤
ከብሔራዊ ማዶ፣ ከስታዲየም ወዲህ፣
ጫፍ በጫፍ፣ ጫፍ በጫፍ፣ ተራራ ነው ይህ!
ገሚሱ መስታወት የለበሰ፣ ገሚሱ አጥንቱ የወጣ፣
ጭጋጉ ከእንጦጦ ሊያስታርቃቸው እየመጣ።
ቸርችል ላይ ዣንጥላ ቁልቁል ይፈሳል።
ጆሮዬን ዓምዱ ላይ አስጠጋሁ። ውሃ ይሰማል?
የለም። «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው!» የሚል ረዳት፣
ከሥር፣ ከሩቅ፣ እንደ ዋሻ ማሚቶ ያለበት።

ድንቂቱ መጣች፣ የመጨረሻ ባሬላዋን ይዛ፣
ከፊት ለፊቷ ያለው ልጅ ቀልዱ አልቆ፣ ደንዝዛ
እሷም። ኪሴን ዳበስኩ። ጠጠሩን ሰጠኋት።
«ከእናንተ አገር ነው» ስላት
አገላበጠችው፣ ዙሩን በአውራ ጣቷ ነካች።
እህል ውስጥ እንደተገኘ ጠጠር፣ ብዙም ሳትደነቅ፣ ሳቀች፤
ገና እርጥብ ወደሆነው ሶሌታ ወረወረችው፤
«ከዘመዶቹ ይቀላቀል፤ ለምን ብቻውን ያዝከው?»

ማለስለሻው አለፈበት።
ሠላሳ አንደኛ ጉዞዋ ነበር፤
መዝገቡን ሥር ትቼው ወጥቼ ነበር።