ገና ያልተሠራው ጥላ

ሠራተኛው ወጥቶ፣ ቢሮው ጭር ሲል ማታ፣
ፍራንክፈርት፣ ባንክ ሰፈር፤ ከች አለች ዝላታ።

ጠረጴዛው መሐል፣ ከካርቶን ተቆርጦ፣
ቆሟል የነገው ፎቅ፣ ሁሉን በአንገት በልጦ።
«ስልሳ አንድ ደርብ ነው» ይላል ወረቀቱ፤
ከክርኗ አያልፍም፣ በእርሷ ክንድ ርዝመቱ።

ባትሪዋን አብርታ፣ ከፍ አርጋ እንደ ፀሐይ፣
ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ወሰደችው፣ ልታይ፤
ጥላው ተንፏቀቀ፣ መንገድ ተሻገረ፣
ከኦትማር በረንዳ ሲደርስ እጇ ታሰረ።
ጎረቤቷ እዚያ ቲማቲም ተክለዋል፤
ከካርቶኑ ቤት ላይ መስኮቱም ተረስቷል።

ከፎቁ በር ስትጠርግ አንድ ሰው ወደቀ፣
የሩዝ ፍሬ የሚያህል፣ ፊቱ ያልታወቀ።
በጣቷ አነሳችው፤ በሩ ጋ አልመለሰችም፤
ከኦትማር በረንዳ አቆመችው፤ ፈቃድ አልጠየቀችም።

ጠዋት ስብሰባ አለ።
ባትሪዋን አጥፍታ ወጣች።