ስድስተኛው ሸሪክ

አምስት የባቡር ሰዎች፣ በደመወዝ ዕለት፣
በርሜል ውስኪ ገዛን ከሙሴ ያኒ ቤት።
"አሥር ዓመት ይተኛ፣" አለን ባሉጡን መታ አርጎ፣
የከዚራውን ምድር ቤት ቁልፍ ሰጠን፣ ከኪሱ ፈልጎ።

በየፋሲካው ወርደን በጣት ስናንኳኳ፣
ድምፁ እየሳሳ ነው፤ ይጎድላል ለካ!
ተጠራጠርን። ወርዶፋ ቁልፉን ቀየረ፤
ዘውገ በእናቱ ማለ፤ ሚጣስ በሩ ሥር አደረ።

ኋላ ነው የገባን፦ የድሬ ሙቀት ነው ሌባው፣
በእንጨቱ ቆዳ ሾልኮ የሚጠባው፤
ሳያዋጣ፣ ሳይፈርም፣ ብርጭቆ ሳይዝ በእጁ፣
ስድስተኛው ሸሪክ ውስጥ፣ እኛ ጠባቂ ከደጁ።

በአሥረኛው ዓመት አራት ሆነን ከፈትን።
የዘውገን ድርሻ መሬት ላፈስ ስል፣
ወርዶፋ እጄን ያዘ፦
"ተው፣ መስኮቱ ላይ አስቀምጠው፤
ሙቀቱ ያደርስለታል።"