የሰው ሀብት

ሦስተኛ መንፈቅ ነው፣ ኦስትራቫ ከተማ፣
ውጭ በረዶ ይጥላል፣ ሰማዩ ጨለማ።
እኔ ራዳና ነኝ፣ የማታ ተማሪ፣
ቀን ቀን ጫማ ሻጭ ነኝ፣ ሲመሽ ሰው ቆጣሪ።
«የሰው ሀብት አስተዳደር» ይላል ደብተሬ፣
ለሐሙስ ፈተና ቃል ስሸመድድ አድሬ፦
ምልመላ፣
ምደባ፣
ምዘና፣
ስንብት።
አራት ቃል ብቻ ነው የአንድ ሰው ሕይወት፣
ከበር እስከ በር ነው፣ ገብቶ እስኪወጣበት።
«ሠራተኛ ማለት፣ ድርጅት የያዘው
ሀብት ነው» ይላል መጽሐፉ፣ «በወጉ ከያዙት ትርፉ ብዙ ነው።»

ከፊቴ የሚቀመጥ አንድ ትልቅ ሰው አለ፣
እርሳስ እያኘከ፣ ከፊደል እየታገለ።
ቦሁሽ ይሉታል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት
ከሰል ሲፈልጥ ኖሯል፣ ስምንት መቶ ሜትር ጥልቀት።
ጉድጓዱ ሲዘጋ፣ በሰጡት ካሣ ብር
በሃምሳ አራት ዓመቱ መጣ፣ ሰው ማስተዳደር ሊጀምር።
መነጽሩ ርካሽ ነው፣ ከመድኃኒት ቤት የገዛው፣
ጥፍሩ ሥር ጥቁር አለ፣ ሳሙና ያልነካው።
(የመጀመሪያ ቀን ራቅ ብዬ ነው የተቀመጥኩት፣
ይሸተኛል ብዬ። ምንም አልሸተተኝ። አፈርኩ።)

ማክሰኞ መምህርት ሃቭልኮቫ ካርድ አደለችን፣
ሁለት ሁለት አድርጋ ፊት ለፊት አስቀመጠችን።
«አንዱ ሥራ አስኪያጅ ነው፣ አንዱ ተሰናባች፣
ሰባት ደቂቃ ነው» አለች፣ ሰዓቷን እየነካች።
«ዓይን ዓይኑን እያያችሁ። ይቅርታ አይባልም።
ፖስታው በቀኝ እጅ። ወሬ አይረዝምም።»

እኔ ተሰናባች፣ ቦሁሽ ሥራ አስኪያጅ።
ፖስታውን አነሣ፣ አስቀመጠው በግራ እጅ፤
መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው በሹራብ፣
ሁለት ደቂቃ አለፈ፣ ቃል ሳይሰበሰብ።
ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«ጉድጓዱ አፍ ላይ አንዲት መስኮት ነበረች፤
ሚላዳ ከኋላዋ፣ ካልሲ እየሠራች።
ናስ ትሰጫታለሽ፣ ቁጥር ያለበት፣
ፋኖስ ትሰጥሻለች፣ ናሱን ሰቅላ ሚስማር ካለበት።
ማታ ፋኖስ መልሰሽ፣ ናስሽን ትወስጃለሽ፤
አበቃ። ሌላ ቅጽ የለም። ቤትሽ ትሄጃለሽ።
ሚስማር ላይ ናስ ከቀረ ግን
ሚላዳ ቤቷ አትሄድም።

አንድ ማታ አራት መቶ አሥራ ሰባት ቀረ።
አውቶቡሱ ጡሩንባ ነፋ፣ ጠበቀ፣ በረረ፤
እሷ ንቅንቅ አላለች። ሦስት ሰዓት ሙሉ
ስልክ ስትደውል፣ ሰው ስታወርድ፣ ‹የት አለ› ስትል ለሁሉ።
ሰውዬው ለካ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ፣
ከምድጃው ጥግ፣ አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑ ሳይገለጥ!
በካልሲው መሥሪያ መርፌ ትከሻውን ወጋችው፣
ሰደበችው፣
ከዚያ አለቀሰች።»

«ማን ነበር ሰውዬው?» አልኩት።
ጆሮው ቀላ።
«እንቅልፍ አይጣል ነው» አለኝ፣ ትንሽ ቆይቶ በኋላ።

«ሰዓት አልቋል» አለች መምህርት። «አላሰናበቷትም።»
«እኔን ለማሰናበት» አለ፣ «ሁለት ደቂቃም አልፈጀባቸውም።»
ከሃያ ስድስት አገኘ።

ሐሙስ ፈተና ላይ «የሰው ሀብት ምንድን ነው?» ቢል ጥያቄው፣
መጽሐፉ እንዳለው ጻፍኩት፣ ቃል በቃል፣ አንድ ሳላጎድለው።
ከዚያ ግን በእርሳስ፣ ከወረቀቱ ጠርዝ፣ በቀረች ቀጭን ቦታ፣
«የሰው ከሆነማ፣ ለባለቤቱ ነው የሚመለስ ማታ»
ብዬ ጨመርኩ።
ወዲያው በላጲስ አጠፋሁት። ነጥቡን ፈራሁ።

ከፈተና ወጥተን በአንድ ትራም ተሳፈርን፣
በረዶው መስኮቱን በነጭ ሸፈነብን።
ቦሁሽ አንቀላፋ፣ መጽሐፉ ከጉልበቱ፣
መነጽሩ ግንባሩ ላይ። ሩቅ ነው ቤቱ።
የእኔ ፌርማታ ደረሰ። በሩ ተከፈተ፣
ብርዱ ገባ።
አልወረድኩም።
ተዘጋ።
ቆጠርኩ፦ አንድ ፌርማታ፣ ሁለት፣ ሦስት…
በስድስተኛው ላይ፣
የካልሲ መርፌ ስለሌለኝ፣
በእርሳሴ ትከሻውን ወጋሁት።